ከጀማሪ ጋር ካርታ መጫወት

በእኛ ቤት እሑድ ከሰዓት የካርታ ሰዓት ነው። አብርሃ ጅራን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም፤ የቆላው ፀሐይ እስኪበርድ ጥላ ይዞ ከመቀመጥ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የልጅ ልጆቼ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤቴ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ ይመጣሉ፤ እኔም ባቄላ በጣሳ ሞልቼ እቀመጣለሁ። ብር አይነካም። ያሸነፈ ባቄላ ይወስዳል፤ ማታ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ ጣሳው ይመለሳል።

የምንጫወተው ኮንከር ነው። ሰው የደረሰውን ካርታ ሦስት ሦስትና አራት አራት እያደረገ ይገጣጥማል፤ ተራው ሲደርስ አንድ ይስባል፣ የማይረባውን አንድ ይጥላል፤ ቀድሞ ሁሉንም የገጠመ ይዘጋል። በቅርቡ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ «እኔስ?» ብላ ተቀላቀለችን። ከጀማሪ ጋር ካርታ ተጫውቶ የሚያውቅ የምለው ይገባዋል። ተራዋ ሲደርስ ቡናው ይቀዘቅዛል። ጆከር ሲደርሳት ለሁላችንም ከፍ አድርጋ እያሳየች «እማማ፣ ይኼ የሚስቀው ሰውዬ ምን ያደርጋል?» ትላለች። እኛ የምንጠብቀውን አንቃ ይዛ፣ ማንም ያልጠበቀውን ትጥላለች። አንዳንዴም ተራዋን ረስታ በሌላው ተራ ትስባለች። የጥንቶቹ መኳንንት ይጫወቱት በነበረው በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ነገር ነበረ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሱ ነበር። የእኛዋ ልጅ በዚያ ዘመን ብትወለድ ትመቸው ነበር።

መምህሩ የተጣለውን ካርታ እየቆጠሩ በሰው እጅ የቀረውን የሚገምቱ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረዋል። ከእሷ ጋር ግን ስሌታቸው አይሠራም። «ሰባት ጣለች፤ እንግዲያው ሰባት አትሰበስብም» ይላሉ በሆዳቸው። እሷ ሰባቱን የጣለችው መልኩ ስላላማራት ነው። አንድ እሑድ ሦስት ጊዜ ተከታትላ ዘጋችና ባቄላው ሁሉ ከፊቷ ተከመረ። መምህሩ ካርታቸውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። «እሷ ካለች እኔ የለሁም። ይኼ ጨዋታ አይደለም፣ ዕጣ ነው» ብለው መነጽራቸውን አጥፈው ሄዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አኮረፉ! ሰኞም ለቡና አልመጡም።

ይህን በዚያው ሳምንት ለእህቴ ልጅ በስልክ ነግሬው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የመራራ ነበር። እሱ የሚኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ከተማዋ በቁማር የምትታወቅ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ እየነዱና በቁማር ቤቶቹ ካርታ እያደሉ የሚኖሩባት ናት፤ በፈረንጆቹ 2023 የአውራጃው አስተዳደር አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል። የእህቴ ልጅ በዕረፍት ቀኑ ፖከር ይጫወታል። «እትዬ፣ መምህሩ እውነታቸውን ነው» አለኝ። «ከጀማሪ ጋር መጫወት ሰውን ያሳብዳል።»

ፖከር ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በሚስጥር ይታደላል፤ መሐል ላይ አምስት ካርታ ደረጃ በደረጃ ይገለጣል። በየደረጃው ሰው ብር ይጨምራል፤ የፈራ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ እስከዚያ ያስያዘውም ይቀርበታል። ባዶ እጅ ይዞ ብዙ ብር እየጨመሩ ሌላውን አስፈራርቶ ማስወጣት የሙያው ትልቅ ክፍል ነው። የእህቴ ልጅ ቅሬታም ከዚሁ ይነሣል፦ ጀማሪ አይፈራም። የሚያስፈራውን ነገር ገና አያውቅም። እስከ መጨረሻ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይም ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ካርታ ያሸንፋል።

ቁጥሩን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት፤ በደንብ ያውቀዋል። ሲጀመር ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት አስ ነው። ሁለት አስ የያዘ ሰው፣ የያዘውን እንኳ ሳያይ እስከ መጨረሻ ከሚከተለው አንድ ሰው ጋር ቢጋጠም ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ያሸንፋል። እንዲህ ዓይነት ተከታዮች አራት ቢሆኑ ግን 56 ገደማ ብቻ ነው የሚያሸንፈው፤ አምስት ሲሆኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አዋቂዎች ቢሆኑ አብዛኞቹ ገና ሲጀመር ጥለው ይወጡለት ነበር። ጀማሪዎቹ ሁሉም ስለሚቀሩ ከመካከላቸው አንዱ ይቀናዋል፤ ማን እንደሚሆን ራሱም አያውቅም። አላጭበረበሩትም፣ አልተማረሩበትም፤ የብዛት ጉዳይ ነው። ደግሞ ሁሉም ስለሚከተሉት መሐል ላይ የሚከማቸው ብር ይበዛል፤ የዓመቱ ሲደመር ከጀማሪ የሚያገኘው ከአዋቂ ከሚያገኘው ይበልጣል። የሚያናድደው አንድ ሌሊት ነው እንጂ ዓመቱ አይደለም።

«ታዲያ ይህን ያህል ካስመረሩህ ለምን ከአዋቂዎቹ ጋር ብቻ አትጫወትም?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ከአዋቂ ጋርማ ምን ይገኛል፣ እትዬ?» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህች መልሱ እንቅልፍ ነሣችኝ። በሥራ ላይ ሳለሁ ያወቅሁት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

እኛ አካባቢ የሰሊጥ አገር ነው። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎ እጅግ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ቀን ያጭዳል፤ ማታ መረሬው በተሰነጣጠቀበት ሜዳ ወይም ግራር ሥር ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትኖረው እዚያው ነው። ለዚህ ነው በጎረቤታችን በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሲያክሙ የኖሩት። እኔም ብዙ የካላዛር ሕሙማን አስታምሜያለሁ። ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ይወጋሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኝተው ያሳልፉታል፤ ሁለተኛው ላይ ትኩሳቱ ይለቃቸውና ምግብ ያምራቸዋል፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ወጥተው ካርታ ያነሣሉ።

ከእነዚህ አንዱ የጎጃም ልጅ ነበረ፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዶ የመጣ። መርፌ ስወጋው ታሪኩን ነገረኝ። አጨዳ አልቆ ሒሳብ የተቀበሉ ዕለት ማታ ሁለት ሰዎች ካርታ ጋበዙት። አልችልም አላቸው። «ችግር የለም፣ እናስተምርሃለን» አሉት። በመጀመሪያው ሌሊት የአንድ ሳምንት ድካሙን የሚያህል ብር በላ። ሰዎቹ ተናደዱ፣ ተሳደቡ፤ «ጀማሪ አያስጫውትም፣ ጨዋታውን አበላሸህብን!» አሉት። እሱ ያን ሌሊት በደስታ አልተኛም። «ሲስተር፣ እውነት እውነት የተሰጠኝ ነገር ያለ መሰለኝ» አለኝ። በሁለተኛው ሌሊት ትንሽ ተበላ፣ ትንሽ በላ። በሦስተኛው የክረምቱን ሁሉ፣ ለእናቱ የገዛውን ነጠላ፣ አገሩ የሚገባበትን የመኪና ሒሳብ ጭምር ተበላ። ባዶ እጁን አገሩ መግባት አፈረና ሌላ ሥራ ፍለጋ በየሜዳው ሲያድር ከረመ። በሽታው የያዘው በእነዚያ ሌሊቶች ነው ወይስ ቀድሞ፣ ማንም ሊል አይችልም፤ በጊዜ አገሩ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ግን በጊዜ ይታከም ነበር።

ያኔ ያዘንኩት ለተበላው ብር ነበር። አሁን የሚገርመኝ የሰዎቹ ቁጣ ነው። ማጥመጃቸው ብሩ አልነበረም። የጎጃሙን ልጅ ያጠመደው ማማረራቸው ነው። አዋቂ በጀማሪ ላይ ሲማረር ጀማሪው የሚሰማው «አንተ ዕድለኛ ነህ» የሚለውን ነው። ለአንድ ወጣት ደግሞ ከዚህ የሚጣፍጥ ቃል የለም።

የቀረውን ልጨርስላችሁ። በ13ኛው ቀን ግድም ልጁ ዛፍ ሥር ከአንድ አዲስ በሽተኛ ጋር ተቀምጦ አየሁት። የሚቆምሩት በሚታደላቸው ብስኩት ነው። አዲሱ አሸነፈ። የጎጃሙ ልጅ ጭኑን መታና «አይ ጀማሪ፣ አበላሸኸኝ!» አለ። ቀና ሲል ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ተጋጨ፤ አንገቱን ደፋ። ካርታውን ቀምቼ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ያን ጊዜ ሌላ የማደርገው አልታየኝም፤ ተቀምጬ አብሬው ብነጋገር ይሻል ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሰው ልጅ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። የዛሬ ጥቂት ወራት የራሴ የልጅ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው፣ እናቱ የሱቅ ዱቤ ክፈል ብላ የሰጠችውን 2,000 ብር አጠፋ። ዱቤው የዘይትና የስኳር ነበር። ስንመረምር የእግር ኳስ ውርርድ ሆኖ ተገኘ። በራሱ ስም አልነበረም፤ በአንድ ታላቅ ጓደኛው ስልክ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ 20 ብር አስይዞ 800 ብር በልቶ ነበረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

አባቱ ቀበቶውን ፈታ። እኔ መሐል ገባሁና ልጁን ወደ ጓሮ ወስጄ «ለምን?» አልኩት። ሰድቦኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እማማ፣ እኔ እኮ ዕድለኛ ነኝ። ካርታ ላይ እንኳ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ማን ያሸንፈኛል?» አለኝ።

ማን እንዳሸነፈው ላውጣው። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚፈልገውን ካርታ እያየሁ የምጥልለት እኔ ነኝ። ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው። አያት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እናንተም እንደምታደርጉት አውቃለሁ። የጎጃሙን ልጅ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሌሊት ያደረጉለትን እኔ ለልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመት አደረግሁለት፤ ልዩነቱ የእኔ በፍቅር መሆኑ ነው።

በሙያዬ ልናገርበት የምችለውን ያህል ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ቁማር መተው አለመቻል ከሱስ ሕመሞች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ «ባለጌ ሆነ» ብቻ ብለን የምንዘጋው ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር በርግቦች ላይ ያሳየው ነገር አለ፤ ማዕከላዊዋን ቁልፍ በነካች ቁጥር ጥሬ የማታገኝ፣ አንዳንዴ ብቻ የምታገኝ ርግብ፣ ጥሬው ጨርሶ ሲቀርባት እንኳ ለረጅም ጊዜ መንካቷን አትተውም። አንዳንዴ መብላት፣ አንዳንዴ መበላት ሰውንም እንዲሁ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ዳጎስ ያለ ብር የበላ ሰው ደግሞ በኋላ የሚበላውን ሁሉ ለዚያች ቀን ሲል ይታገሠዋል። ስለዚህ ልጃችሁ በመጀመሪያ ሙከራው ከተበላ ተመስገን በሉ። የሚያስፈራው ያሸነፈው ነው።

ምልክቱ ከሌላው ሱስ ብዙ አይለይም። መደበቅ፣ መዋሸት፣ ሰው ሳያውቅ መበደር፣ ጨዋታ ሲያልቅ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም መፈንጠዝ፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን የተበላውን ለማስመለስ እንደገና ማስያዝ ነው። ይህን ካያችሁ ዕዳውን በስውር አትክፈሉለት። እናቶች ይህን ታደርጋላችሁ፤ አባት እንዳይሰማ ብላችሁ። የተከፈለ ዕዳ ለእሱ ሌላ የማስያዣ ብር ነው። ዱላም አይጠቅምም፤ መደበቅን ብቻ ያስተምረዋል። ነገሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ነውር የለውም።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ሱቁን እኛ ከፈልን፤ ልጁ ግን ለእናቱ 2,000 ብር ዕዳ ገባ፤ ትምህርት በሌለበት ቀን ሠርቶ ይከፍላል። ከዚያ የጓደኛውን ስልክ አስመጥተን፣ ስልኩ ላይ ያለውን የውርርድ መዝገብ አንድ በአንድ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። ለትኩሳት በምንጠቀምበት ዓይነት ሠንጠረዥ ነው፤ ቀን፣ የከፈለው፣ የተመለሰለት። 41 ጊዜ አስይዟል፤ 6 ጊዜ አሸንፏል። እሱ ከግማሽ በላይ ያሸነፈ ይመስለው ነበር። መደመሪያው ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀምጦ ውኃ ሊጠጣ ሄደ፤ ቆይቶ ተመለሰ፤ አልጠየቅሁትም።

መምህሩንም እኔው ሄጄ አስታረቅኋቸው። ማስታረቂያዬ ቡና አልነበረም፣ ሒሳብ ነው። «ልጆቹ አምስት አምስት ካርታ መቶ ጊዜ ቢያድሉ ስንቱ ባዶ ይሆናል?» አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። ከ52ቱ ካርታ አምስት አምስት የሚወጣበት መንገድ 2,598,960 እንደሆነ፣ ከዚህ ግማሹ ምንም ያልገጠመ ባዶ እጅ፣ ከመቶ 42 ያህሉ ደግሞ አንድ ጥንድ ብቻ ያለበት እንደሆነ በደብተር ላይ አሰሉልኝ። ለጀማሪ አንድ ጥንድ ሀብት ይመስለዋል፤ ግማሽ ለግማሽ ሰው ይዞት እንደሚቀመጥ አያውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ጆከሮቹን አውጥተን ልጆቹ እየበወዙ መቶ ጊዜ አደሉ። ትንሿ በከሰል ግድግዳ ላይ ሰረዝ አሰመረች። ባዶው 47፣ አንድ ጥንዱ 45 ወጣ። መምህሩ ትክክለኛው ቁጥር አልመጣም ብለው ሌላ መቶ እንዲታደል ፈልገው ነበር፤ እራት ደረሰና ተተወ።

አሁን ካርታ ለማንም አልጥልም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ትልቁ ልጅ ተከታትሎ ሲሸነፍ ሊያኮርፍ ይቃጣዋል፤ ዞር ብዬ ላየው እፈልጋለሁ፣ እጄም በልማዱ የሚፈልገውን ካርታ ይነካካል። ለእናቱ 700 ብር ይቀርበታል።

ባለፈው እሑድ ትንሿ ተራዋ ደርሶ በጣም ረጅም ጊዜ አሰበች። ቡናው ቀዘቀዘ። መምህሩ ጉንጫቸውን ነፍተው ቆዩ፣ ነገር ግን አልተናገሩም። በመጨረሻ ሰባት ጣለች።

«ለምን ጣልሽው?» አሏት፤ እንደ ተማሪ ነው የጠየቋት።

«ጋሼ እንደሚጠብቁት አውቄ ይዤው ነበር» አለች። ከዚያ ካርታውን ዝቅ ብላ አየችው። «ግን መልኩ አስጠላኝ።»

መምህሩ ሰባቱን አንሥተው ዘጉ።